የቤት አውቶሞቢል የፊት አሞርዛተሮችን በግቢ ውስጥ ስለ መለወጥ

ባለፈው ዓመት በመስከረም ወር መጨረሻ ቤተሰቤን ይዤ ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ስመለስ፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የ7 ዓመት ልጄ፥ «አባዬ፥ መኪናችን እንደ ጀልባ የምትወዛወዘው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ታናሽ ወንድሟ ግን ለመጠየቅም አልደረሰም፤ ዱከምን ከማለፋችን በፊት ሆዱ ታውኮ የራሱን ልብስና የእናቱን ነጠላ አበላሽቶ ነበር። እኔም ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥሬ፥ «መንገዱ ነው» ብዬ መለስሁላት።

መልሴ እውነት አለመሆኑን የተረዳሁት ጥቂት እንደ ሄድን ነው። ገላን አካባቢ ከፊታችን ይሄድ የነበረ አንድ የጭነት መኪና በድንገት ቆመ። ፍሬን ረገጥሁ። የመኪናችን አፍንጫ ወደ መሬት ተደፋ፥ ኋላዋም ብድግ አለ፤ ጎማዎቹ አስፋልቱን አንዴ እየያዙ አንዴ እየለቀቁ ተንሸራተቱና ከጭነት መኪናው የኋላ ብረት ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረን ቆምን። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን፥ «ወይ መኪናዋን አሠራት፥ ወይም ከእንግዲህ በአውቶቡስ እንሂድ» አለችኝ።

ፍሬኑ ጤነኛ ነበር። ጉድለቱ የነበረው በመካኒኮቻችን ቋንቋ አሞርዛተር በሚባለው መሣሪያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፤ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ጋራዥ ሲገባ ግር ይለዋልና። የጋራዡ አማርኛ ብዙው ክፍል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ብሎን ጥርስ ያለው ማሰሪያ ብረት ነው፤ ዳዶ በብሎኑ ጫፍ ገብቶ የሚያጠብቀው ነው፤ ጎሚኒ በብረትና በብረት መካከል የሚገባ ትንሽ ላስቲክ፥ ኩሽኔታ የሚሽከረከረውን ነገር የሚሸከም ባለ ኳስ ቀለበት፥ ክሪክ መኪና ማንሻ ነው። ሞላ ደግሞ ሲጨመቅ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚታገል ጥምዝ ብረት ነው። ይህ ቃል ለተማሪ ወጥመድ ነው፤ በአማርኛ «ሞላ» ማለት ጎድሎ የነበረው ተሟላ ማለት ስለሆነ፥ መካኒኩ «ሞላው ወርዷል» ሲል የሰማ እንግዳ ምን ሞልቶ ምን እንደ ወረደ ሊገባው አይችልም። በአስመራም ያሉ መካኒኮች ዕቃውን የሚጠሩት በእነዚሁ ቃላት ነው። ስለዚህ የአስመራና የአዲስ አበባ ባለሙያዎች በሌላው ነገር ባይግባቡ እንኳ በአንድ ክፍት ኮፈን ላይ ጎንበስ ብለው ሲነጋገሩ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

አሞርዛተር ዘይት የተሞላ ረጅም የብረት ቱቦ ነው። በዘይቱ ውስጥ ከአንድ ዘንግ ጫፍ ጋራ የተያያዘ ፒስተን ይመላለሳል፤ ፒስተኑም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች ተጣብቦ ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት የሞላው ዝላይ ይገታል፤ የዝላዩም ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ በአየር ይበተናል። እንግዲህ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው፤ አሞርዛተሩ ሞላውን ያስታግሠዋል። የዘይቱ መያዣ ጎሚኒ ሲያረጅና ዘይቱ ሲያመልጥ፥ ሞላው ጌታ የሌለው ይሆናል። ጎማውም ይዘላል። ፍሬን የቱንም ያህል ቢበረታ መኪናን የሚያቆመው ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ ስለሆነ፥ በአየር ላይ ያለ ጎማ ለፍሬን አይታዘዝም። በገላን የደረሰብን ይኸው ነው።

በዛሬ ጊዜ በአብዛኞቹ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ፊት ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተጣምረው እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ መሪው ሲዞር ምሰሶውም አብሮ ይዞራል። ዘዴውን ያወጣው ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለሕዝብ በታዩት ኮንሱልና ዜፊር በተባሉ የፎርድ መኪኖች ምክንያት በሰፊው ታወቀ። በአገራችን ከተሞች በብዛት የምትታየው ኮሮላም በ1966 እ.ኤ.አ. መሠራት ስትጀምር የፊት ጎማዎቿ በዚሁ ዘዴ የተተከሉ ነበሩ። የእኔዋ በ2004 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ እንዲህ ያለችውን አሮጊት አክብሮ መያዝ ለደመወዝተኛ ሰው ምርጫ መሆኑ ቀርቷል።

አሞርዛተር መድከሙን ለማወቅ የተለመደው ፈተና፥ ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ በድንገት መልቀቅ ነው። መኪናይቱ አንድ ጊዜ ተነሥታ ከረጋች ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች ደክሟል። ዳሩ ግን ይህን ፈተና ብቻውን ማመን አይገባም፤ እኩሌታ ኃይሉን ያጣ አሞርዛተር በቆመ መኪና ላይ ሊያልፈው ይችላልና። ከዚህ ይልቅ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን መመልከት ይሻላል። አቧራ የያዘ ስስ ርጥበት እምብዛም አያስፈራም፤ ቱቦው እስከ ታች ድረስ በዘይት ከራሰ ግን ነገሩ አብቅቷል። ጎማውንም በእጅ መዳሰስ ነው፤ ዙሪያውን በእኩል ሳይሆን እዚህም እዚያም ተቦርቡሮ ከተገኘ፥ መሬቱን እየዘለለ ሲረግጥ ኖሯል ማለት ነው።

የእኔዎቹ ሁለቱም በዘይት ርሰው ነበር። ያናደደኝም ይህ ነው፤ አዲስ ናቸው ተብሎ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የተገጠሙልኝ ገና ከ5 ወር በፊት ነበርና። ወደ ጎረቤታችን ሄድሁ። እኒህ አዛውንት በጡረታ ላይ ያሉ መካኒክ ሲሆኑ፥ ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው ከኢጣልያኖች ጋራዥ ተቀጥረው ነው። ቱቦውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ጥቁሩ ቀለም ተነሣና ከሥሩ ዝገትና ሌላ አሮጌ ቀለም ወጣ።

«ልጄ፥ ይህ ከአንተ መኪና በፊት ሌላ መኪና አገልግሏል» አሉኝ።

በገዛ ግቢዬ፥ በገዛ ዓይኔ ፊት ለመለወጥ የቈረጥሁት በዚያን ሰዓት ነው። አዛውንቱም ቁጭ ብለው ለመምከር ተስማሙ፤ «እጄን ግን አታስነካኝ» ሲሉ አስቀድመው አስታወቁኝ።

ዕቃውን ለመግዛት በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሱቅ ወደ ሱቅ ዞርሁ። በዚያ አካባቢ አዲስም አሮጌም ዕቃ ጎን ለጎን ስለሚሸጥ፥ ገዢው ሦስት ነገር ይዞ መሄድ ይገባዋል፤ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፥ የቀድሞውን ዕቃ ፎቶግራፍና ትዕግሥት። የቀኙና የግራው አንድ አይደሉም፤ የፍሬኑን ቱቦ የሚይዘው ቅንፍ በተለያየ ጎን ስለሚገኝ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ምልክት ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ግዴታ ነው፤ አንዱ ብርቱ አንዱ ደካማ ከሆነ መኪናይቱ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ታደላለች። ከላይ የሚቀመጠውን ጎሚኒና ኩሽኔታ፥ ዘንጉን ከአቧራ የሚከልለውንም የላስቲክ ልባስ አብሮ መግዛት ይሻላል። አንዱ ሻጭ፥ «የድሮው ጎሚኒ ይበቃሃል» ብሎኝ ነበር፤ ለ20 ዓመት የተቀጠቀጠ ላስቲክ እንደማይበቃኝ ነገርሁት።

ቅዳሜ ከጧቱ በ2 ሰዓት ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያው ነገር ስፍራው ነው። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ መሆን አለበት፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፥ ማርሽ ይገባል፥ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ጉልህ እንጨት ይደረጋል። የጎማው ዳዶዎች የሚላሉት ጎማው ገና መሬት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናይቱ በክሪክ ትነሣና ከሥሯ ባለ ሦስት እግር የብረት መደገፊያ ይቆማል። ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም። በየሠፈሩ ድንጋይ ደርድረው ከመኪና ሥር የሚተኙ ሰዎችን ሁልጊዜ አያለሁ፤ ድንጋይ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። እኔ በመደገፊያው ላይ ጨምሬ የፈታሁትን ጎማ ከነቸርኬው ከመኪናይቱ ወገብ ሥር አጋደምሁት።

ባለቤቴ እያንዳንዱ ነገር ከመፈታቱ በፊት በስልኳ ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። ይህን ያዘዛት ማንም የለም፤ በማታ ግን የፍሬኑ ቱቦ በየትኛው ጎን ያልፍ እንደ ነበር እኔና አዛውንቱ ስንከራከር የፈረደችልን ያች ፎቶግራፍ ናት። ልጄም የፈታሁትን ዳዶና ብሎን እየተቀበለች በሁለት የወተት ጣሳዎች ውስጥ፥ የቀኙን በአንዱ፥ የግራውን በሌላው ትከት ጀመር።

አሞርዛተሩን ከመኪናይቱ የሚያስሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የፍሬኑ ቱቦና የኤሌክትሪኩ ገመድ በትናንሽ ቅንፎች ተይዘዋል፤ መኪናይቱ በኩርባ እንዳታጋድል የሚያደርገው ብረት ማያያዣም በጎኑ አለ። እነዚህ ይፈታሉ። ከታች ሁለት ታላላቅ ብሎኖች ከጎማው ተሸካሚ ብረት ጋራ ያያይዙታል። እነዚህን ከመፍታት በፊት በጠመኔ ወይም በሹል ብረት ዙሪያቸውን ምልክት ማድረግ ይገባል፤ የጎማው ዘንበል ማለትና ቀጥ ማለት የሚለካው በዚህ ስፍራ ነውና። የግራው አንድ ብሎን አልላላም ብሎ አንድ ሰዓት ያህል አቆየኝ። በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁት፥ ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጨሁበት፥ በመጨረሻም በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም የውኃ ቱቦ አስገብቼ ክብደቴን ጣልሁበት። ጮኸና ላላ። ብሎን በመዶሻ ሲወጣ ዳዶውን በጫፉ ላይ መልሶ ማሰር ይጠቅማል፤ መዶሻው ጥርሱን እንዳያበላሽ።

ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ የጎማው ተሸካሚ ብረት በፍሬኑ ቱቦ ላይ እንዳይንጠለጠል በገመድ መታሰር አለበት። ቱቦው ከተሳበ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውም የሚታወቀው ፍሬን በሚያስፈልግ ቀን ነው።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ከላይ ወዳሉት ዳዶዎች ሄድሁ። በዙሪያው ሦስት ትናንሽ ዳዶዎች አሉ፤ በ14 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። በመካከላቸው ደግሞ አንድ ታላቅ ዳዶ ይታያል። ቁልፌን ወደዚያ ሳስጠጋ አዛውንቱ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«እሱን ተው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞላው በአሞርዛተሩ ላይ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ አፍኖ የያዘው ያ የመካከለኛው ዳዶ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ የመኪና ክብደት ያርፋል፤ ሞላውም ያን ለመሸከም የተሠራ ነው። ዳዶውን ሳይጨምቅ የሚፈታ ሰው የተጠመደ መድፍ ፊት ቆሟል። ስለዚህ የሚፈቱት ሦስቱ ዳዶዎች ብቻ ናቸው፤ ያንጊዜ ምሰሶው ከነሞላው ወደ ታች ተንሸራቶ ይወጣል።

ሁለቱም ከወጡ በኋላ ቀኑ ገና 8 ሰዓት ስለ ነበር ልቤ ኰራ። የሞላ መጭመቂያ አልነበረኝም። ሁለት ረጃጅም ብሎኖችና ቈላፎች ያሉት ርካሽ መጭመቂያ በገበያ አለ፤ በሁለት ወገን ተቃራኒ ሆኖ ይያዛል፥ በየተራም ጥቂት ጥቂት ይጠብቃል፤ ቈላፉ አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ግን የሚመልሰው የለም። እኔ ደግሞ እሱንም አልገዛሁም፤ በአንዳንድ ጋራዥ ልጆች ሲያደርጉት ያየሁትን አስቤ ነበር።

«ጋሼ፥ ሞላውን በወፍራም ሽቦ አስረን ብንፈታውስ?» አልኋቸው።

አዛውንቱ ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የመካከለኛው ጣታቸውና የቀለበት ጣታቸው ከግማሽ በታች የሉም። ለብዙ ዓመት ጎረቤታሞች ስንሆን ይህን አይቻለሁ፤ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ይህን ጦርነት የወሰደው ይመስልሃል?» አሉኝ። «ሽቦ ነው የወሰደው። ተለማማጅ ነበርሁ። አለቃዬ ማሽኑ እስኪለቀቅ ጠብቅ አለኝ፤ እኔ ቸኰልሁ።»

ልጄ ጣሳዋን ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር። ሁለቱን ምሰሶዎች በጆንያ ጠቅልዬ በታክሲ፥ በግድግዳ ላይ የተተከለ የሞላ መጭመቂያ ማሽን ወዳለው ሰው ወሰድኋቸው። ሰውየው ሞላውን በማሽኑ ጨምቆ፥ የመካከለኛውን ዳዶ ፈትቶ፥ አዲሱን አሞርዛተር ተክቶ እስኪያስር ድረስ ለሁለቱም ከግማሽ ሰዓት ብዙም አልበለጠ። የከፈልሁት ገንዘብ ለጠቅላላው ሥራ ጋራዥ ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነበር። በቤት ሊሠራ የማይገባው የዚህ ሥራ ክፍል ይህ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀረውን መጠንቀቅ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ሞላው፥ አሞርዛተሩና ጎሚኒው ተጋጥመው በአንድነት ይሸጣሉ፤ እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው ከዚህ አደጋ ጋራ አይገናኝም።

ሰውየው ሲሠራ ቆሜ ሁለት ነገር ተመለከትሁ። አንደኛው፥ የሞላው የታችኛው ጫፍ በአሞርዛተሩ መቀመጫ ላይ ካለው ጎድጓዳ ስፍራ በልክ መግባት አለበት፤ አለዚያ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይዞርና ይንጓጓል። ሁለተኛው፥ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አልያዘም። ያ ዘንግ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነው፤ አንድ ጭረት ብቻ ቢያገኘው፥ ሲወጣና ሲገባ የዘይቱን መያዣ ጎሚኒ እንደ ምላጭ ይቈርጠዋል፥ አዲሱም አሞርዛተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያለቅሳል።

መግጠሙ የመፍታቱ ተቃራኒ ነው፤ ከላይ ሦስቱ ዳዶዎች በእጅ ብቻ ይያዛሉ፥ ከታች ብሎኖቹ ገብተው ከምልክታቸው ጋራ ይስተካከላሉ፥ ከዚያ ሁሉም መጽሐፉ ባዘዘው ኃይል ይጠብቃል። ሲጠብቅም በግምት መሆን የለበትም። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ከአንድ ወዳጄ ተዋስሁ፤ ለምሳሌ የኮሮላ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ የሚጠብቀውም በዙር ሳይሆን እንደ ኮከብ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገረ ነው። ጨርሰን ስንቈጥር በግራው ጣሳ አንድ ዳዶ ቀረ። ሁላችንም ዝም አልን። ልጄ ከቀኙ ጣሳ የወሰደችው እንደ ሆነ አምና እስክትስቅ ድረስ ያንን ጎማ ሁለት ጊዜ መረመርሁት።

ከመንዳት በፊት መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ የፍሬኑ ቱቦ አለመወጠሩንና ጎማውን አለመንካቱን ማየት፥ የፍሬኑንም መርገጫ ደጋግሞ መሞከር ይገባል። ሰኞ የጎማውን አቅጣጫ አስለካሁ፤ ምልክቱን ተከትዬ ባስርም ጥቂት ተዛብቶ ተገኘ። ይህን መለካት የሚተው ሰው በአሞርዛተሩ ያዳነውን ገንዘብ በጎማ ይከፍላል። ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም የጎማውን ዳዶዎች እንደ ገና አጠበቅሁ።

በማግሥቱ እሑድ ወደ ቢሾፍቱ ሄደን ስንመለስ ልጁ ከዱከም እስከ ቃሊቲ ተኝቶ ነበር።

የወጡት ሁለት አሞርዛተሮች ግን በግቢው ጥግ ቀሩ። አሮጌ ብረት እየገዛ በየሠፈሩ የሚዞረው፥ «ቆራሌው!» እያለ የሚጣራው ሰው በሳምንቱ መጣ። አዛውንቱ ድምፁን ሲሰሙ ከእኔ ቀድመው ደረሱ፤ የብረት መጋዝም ይዘው ነበር። ዘንጎቹን በሞርሳ አሰርንና ያን መስተዋት የመሰለ ገላቸውን ከላይ እስከ ታች በመጋዙ ጥርስ ቧጠጥነው።

«ለምን ታበላሹታላችሁ?» አለ ቆራሌው፤ «እንዲህ ደኅና ከሆነ እኮ የሚገዛኝ ሰው አለ።»

«እናውቃለን» አሉት አዛውንቱ።

ዋጋውን በግማሽ ቀንሶ፥ በጆንያው ከትቶ ሄደ።